ያልቆመው ሰዓት

የኖኤሚ ልጅ ፊርማን ጫካ ከገባ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ረፋድ ላይ ለጓደኞቹ ዳቦ ሊወስድ ወደ መንደር ይወርዳል። አገሩን የያዙት ጀርመኖች ከመጡ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ደዋይ ኖኤሚ ለሟች የሚደወለውን ደወል ትደውላለች፤ ልጁ ያንን ከሰማ ካለበት አይነቃነቅም።

የዚያን ሐሙስ ወታደሮቹ ድልድዩን ሲሻገሩ አየች። እጇ እስኪላጥ ደወለችና ወደ ቤቷ በረረች። ማን እንደሞተ መጠየቃቸው አይቀርማ! ውሸቱ ከተነቃበት ጫካው ይታሰሳል፤ ፊርማን አለቀለት። እንደ አገሩ የሐዘን ወግ መስታወቱን ሸፈነች፣ ሻማ ለኮሰች፣ አማቷን አዛውንቱን አናቶልን የእሁድ ልብሳቸውን አልብሳ አስተኛቻቸው።

«እንዳይተነፍሱ፣ አባባ።»

ሰማንያ ዓመት ሲተነፍሱ ኖረው ዛሬ መከልከላቸው እንዳሳቀቃቸው አጉረመረሙና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

መኮንኑ ከአስተርጓሚው ከኡርባን ጋር ገባ። ይሄ ኡርባን የማዶው መንደር ልጅ ነው፤ ለጠላት ያደረ ሆዳም! ስሙ ሲነሳ የማይተፋ የለም። ኡርባን አልጋው አጠገብ ከተቀመጠው ጸበል በሬሳው ላይ ረጨና አማተበ። ከዚያ ቀና ብሎ ጆሮውን ጣለ።

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

የግድግዳው ሰዓት ነው። በዚያ አገር ሰው ሲሞት ከሁሉ በፊት የቤቱ ሰዓት እንዲቆም ይደረጋል፤ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ኖኤሚ ሁሉን አስታውሳ ይህን ረሳች።  በገዛ እጄ ልጄን በላሁት አለች በሆዷ።

ኡርባን አያት። እጁን ዘርግቶ የሰዓቱን ተወዛዋዥ ዘንግ ያዘና አቆመው።

«ሐዘን ያስረሳል፣ እትዬ» አላት፤ ለመኮንኑ በጀርመንኛ አንድ ሁለት ቃል ተናገረና ይዞት ወጣ። ፊርማን ያን ቀን አልወረደም።

ጀርመኖቹ መስከረም ላይ ለቀው ሲሄዱ፣ ከጫካ የወረዱት ልጆች ኡርባንን አደባባዩ ላይ ካለው ዛፍ ጋር አስረው ሊረሽኑት ተሰለፉ። ፊርማንም ጠመንጃ ይዟል። ለእንዲህ ያለ ሰው ማን ይመሰክራል? ኖኤሚ ሰዓቱን ከግድግዳው አውርዳ አቅፋው መጣች፤ ከዚያን ቀን ወዲህ እንደገና እንዲሄድ አላደረገችውም፣ አራት ሰዓት ከሃያ ይላል። ልጇ እግር ስር አስቀመጠችው። የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው።

«ይህን ሰዓት ያቆመው ያ የታሰረው እጅ ነው» አለችው። «ተኩስ እንግዲህ፣ ከቻልክ።»

ፊርማን ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። ሌሎቹ አላወረዱም። ኖኤሚ ሄዳ ከኡርባን ፊት ቆመች፤ ፊርማንም መጥቶ ከእናቱ ጎን ቆመ። ያኔ ነው አንድ በአንድ ያወረዱት።