የእናቴ አቡጀዲ

እናቴ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብላ መሄድ የጀመረችው የትንሿን አውሮፕላን ክንፎች ጨርቅ ባለበስኩበት ቀን ነው።

አውሮፕላኗ በሪሞት የምትበር፣ ባለ ድርብ ክንፍ፣ ተገጣጣሚ ናት። እንጨቱ፣ ሞተሩና ባትሪው በካርቶን ታሽገው መጡልኝ፤ የክንፉን ልባስ ግን አይጥ በልቶታል። እኔ ደግሞ አንዴ ከጀመርኩ ማቆም አላውቅም። ቀጭንና ጠንካራ ጨርቅ ፍለጋ ቢሾፍቱን ስዞር ውዬ ባዶ እጄን ስመለስ የእናቴን ሳጥን ከፈትኩ። ከታች፣ ስትሞት እንድትገነዝበት ያስቀመጠችው አቡጀዲ ነበር። ጤነኛ ናት፣ አይቸኩልም አልኩ። ቆረጥኩት፣ በኮላ ለጠፍኩት፣ ቫርኒሽ ቀባሁት። እንደ ከበሮ ተወጠረ።

ትንሽ ቆይታ እናቴ ከጓዳ ወጣች። ጫማዋ ወለሉ ላይ ቀርቷል፤ እሷ ከበላዩ አለፈች።

«ስለሺ፣ ጨርቄን ነካህ?»

«ነካሁ።»

«ምን አደረግክበት?»

አሳየኋት። ክንፉን በጣቷ መታ መታ አደረገችው።

«ሥራህስ ጥሩ ነው። ግን ያለ ጨርቄ መሬት እንዴት ይቀበለኛል? መልስልኝ።»

ጥግ ጥጉን ልልጥ ሞከርኩ። ትንሽ እንደተላጠ እናቴ ትከሻዋን ይዛ ጮኸች፤ ተውኩት። ክብደት እንዲሆን የአውሮፕላኗ አፍንጫ ውስጥ ብሎን ጨመርኩ፤ እናቴ ወደ ፊት ተደፋች። የአውሮፕላኗ ጅራት ላይ ጨመርኩ፤ ወደ ኋላ ተንጋለለች። ጎማ ቀየርኩ፣ ሞተሩን ወደ ኋላ ሳብኩ፣ ፈታሁ፣ መልሼ ገጠምኩ።

«እስቲ አንዴ እንኳ ቁጭ በል!» አለችኝ፣ ኮርኒሱ አጠገብ ሆና። በየቀኑ ከፍ እያለች ነበር። ፈራሁ። ነፋስ ይዟት እንዳይሄድ በመቀነቷ ከአልጋው እግር ጋር አሰርኳት።

«አብርራት» አለች በመጨረሻ። «እሷ ወጥታ ስትወርድ እኔም እወርድ ይሆናል።»

እናቴን በመቀነቷ ይዤ ሁለቱንም ሆራ ሐይቅ ዳር ወሰድኳቸው። አውሮፕላኗ ተነሳች፤ እናቴም መቀነቷን ፈትታ ተነሳች። አብረው ሐይቁን ዞሩት። አውሮፕላኗን ስመልሳት ሣሩ ላይ በደንብ ወረደች። ክንፎቿ ላይ ግን ጨርቅ አልነበረም፤ የእንጨት አጥንቷ ብቻ ነበር። እናቴ አልወረደችም።

የእድራችን ዳኛ አቶ ደርበው መጡ።

«ሞታለች?»

«አልሞተችም።»

«ታዲያ አለች?»

«እዚህ የለችም።»

አንገታቸውን አከክ አደረጉ። «እንግዲያው ድንኳኑ ይተከል፤ ማልቀስ ግን አይፈቀድም።»

ድንኳኑ ተተከለ። ሰዉ ቆሎ እየቆረጠመ ተቀመጠ። እኔ መቀመጥ አቃተኝ፤ ሪሞቱን ይዤ እወጣለሁ፣ እገባለሁ። እናቴ ናፈቀችኝ፤ በጣም ናፈቀችኝ። የአውሮፕላኗን ባትሪ ካወጣሁት ቆይቻለሁ፤ ሪሞቱ ላይ ያለው አረንጓዴ መብራት ግን አልጠፋም። ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ሲነሳ የመውረጃውን ዘንግ ቀስ አድርጌ ተጫንኩት።

የድንኳኑ ሸራ ከላይ ጎደጎደ። ሁለት ባዶ እግሮች፣ ተረከዛቸውና ጣቶቻቸው ሳይቀር፣ ሸራው ላይ ታትመው ቆሙ። አቶ ደርበው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም። እግሮቹ አንድ እርምጃ ወደ እኔ መጡ፤ ከዚያ ቆሙ። አውራ ጣቴ ደንዝዟል፤ እስካሁን ከዘንጉ ላይ አላነሳሁትም።