ለጎረቤት የተከለከለ እርሾ

ቦርጊልድ የማሰሮውን ክዳን ስታነሳ የሸተታት እርሾ አልነበረም፤ የሞተ አይጥ የመሰለ ነገር ነው። በጣቷ ነካ አድርጋ ቀመሰችው፣ ተፋችው። ማመን አቅቷት ደግማ ቀመሰች። አባቷ ከአባታቸው የወረሱት የመንደሯ የግሪምዳል እርሾ ሞቷል።

ከኋላዋ በእንጨት በርሜሉ ውስጥ፣ ጥድ የተዘፈዘፈበት መቶ ሃምሳ ሊትር የብቅል ውሃ እየቀዘቀዘ ነው። እስኪመሽ እርሾ ካልገባበት ይበላሻል። ቀኑ ረቡዕ ነው፤ ቅዳሜ ሦስት ቀማሾች ከኦስሎ ይመጣሉ።

የግሪምዳል ቢራ የራሱ ስም ይገባው እንደሆነ የሚፈርዱትን ቀማሾች የጠራቸው የእሷው ጩኸት ነው። የጠማቂዎች ማኅበር የቢራ ዓይነቶችን መዝገብ ሲያወጣ፣ በሐይቁ ዙሪያ የሚጠመቀውን ሁሉ ጠቅልሎ ማዶ ባለው መንደር ስም "የሶልቪክ ቢራ" ብሎት ነበር። ቦርጊልድ ዐሥራ አንድ ዓመት በጋዜጣ ተሟገተች። አንድ ከተሜ የብርቱካን ልጣጭ በጨመረ ቁጥር አዲስ ስም እየተሰጠው፣ አራት መቶ ዓመት የጠመቀ መንደር ስሙን የሚነፈገው በየትኛው ፍርድ ነው? እውነቷን ነበር። የሶልቪክን ቢራ "የድስት እጣቢ" ብላ ስትጽፍ ግን እውነቷን አልነበረም።

በሐይቁ ዳር እርሾ አይከለከልም። የአንዱ ቤት ሲበላሽ ከጎረቤት ይወሰዳል፤ እርሾው እስከ ዛሬ የኖረውም በዚህ ነው። ቦርጊልድ ግን "ከቤት ቤት ሲዞር ይደባለቃል፤ ከዚያ ልዩ ነው ብንል ማን ያምነናል?" ብላ ከሦስት ዓመት በፊት መስጠት አቆመች። በየቤቱ የነበረውንም እየዞረች አስጣለች። የራሷንም ለቀማሾቹ ስትቆጥብ ዓመት ሙሉ ሳትጠምቅበት ቀረች። ካልጠመቁበት እንደሚሞት የግሪምዳል ሕፃን እንኳ ያውቃል።

የጎረቤቷን የኦድኒን በር አንኳኳች።

"ትንሽ፣ የደረቀች እንኳ? ጨርቅ ላይ የቀረች?"

ኦድኒ በሩን ገርበብ አድርጋ አየቻት። "ምድጃ ውስጥ አስከትተሽኝ የለ? እስኪነድ ድረስ እዚሁ ቆመሽ ነበር እኮ።"

"ደብቀሽ ያስቀረሻት አትጠፋም ብዬ ነው።"

"ካንቺ? ካንቺ ዓይን እንኳን እርሾ ድመቴንም መደበቅ አልችል!"

በሌሎቹ ቤቶችም መልሱ ያው ነበር።

አንድ ተስፋ ቀራት። ድሮ የሶልቪክ እርሾ ሁሉ በተበላሸበት ክረምት፣ አባቷ ለኢንግቫልድ አባት አንድ ባልዲ ሙሉ ሰጥተው ነበር፤ ያው እርሾ እዚያ ይኖር ይሆናል። ይህን አንድም ቀን በጋዜጣ ጽፋው አታውቅም። መኪናዋን አስነሥታ ሐይቁን ዞረች።

የሶልቪኩ ጠማቂ ኢንግቫልድ አብሯት የተማረ ነው። ደጁ ላይ ሲያያት ሳቁ አመለጠው።

"እጣቢ አማረሽ?"

"እርሾ ስጠኝ፣ ኢንግቫልድ።"

ሳቁን ዋጠ። እርሾ በለመነ ሰው አይሳቅም። ገብቶ የሚያብለጨልጭ ፓኬት ይዞ ወጣ፤ የሐይቁ ሥዕል አለበት፣ "የሶልቪክ እርሾ" ይላል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"እርሾ ነዋ። የፋብሪካ።"

"የአባትህስ?"

"ስሙ ከተሰጠን ወዲህ ገዢ በዛ። ገዢ ደግሞ ዛሬም ነገም አንድ ዓይነት ጣዕም ነው የሚፈልገው። የአባቴ እንደ ልቡ ነበር፤ አንዴ ፍራፍሬ፣ አንዴ እንጉዳይ ይሸታል።" ዓይኑን ሰበረ። "ጣልኩት።"

"ጣልከው? ስም አግኝታችሁ ቢራውን ጣላችሁት?"

"አንቺስ ስም ፍለጋ ገደልሽው አይደል እንዴ?"

ፓኬቱን እጇ ላይ አኖረላት። "ውሰጂው። ውሃው ያንቺ፣ ጥዱ ያንቺ፣ ብቅሉ ያንቺ። ማን ያውቃል።"

ማን ያውቃል እያለች ነዳች። ልዩነቱ በውሃው ቢሆንስ? ቁልቁለቱ ላይ በሚበቅለው ጥድ ቢሆንስ? እርሾ ሲጨመር ጠማቂው በኃይል ካልጮኸ ቢራው ይደክማል ይባላል። ፓኬቱን በርሜሉ ውስጥ አራግፋ ጮኸች፤ ከአፏ የወጣው ግን የለቅሶ ቤት ጩኸት ነበር።

ቅዳሜ በርሜሉ ሲከፈት እንደ ደንቡ መንደሩ ተሰበሰበ፤ ኢንግቫልድም የሶልቪክን ቢራ ይዞ መጣ። ቀማሾቹ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ የትኛው የማን እንደሆነ ሳይነገራቸው የሁለቱን መንደሮች ቢራ ሦስት ጊዜ እያፈራረቁ ቀመሱ። ከሦስቱ በዕድሜ የገፋችው ሴት ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

"ጥሩ ቢራ ነው። ግን ከሶልቪኩ ልለየው አልቻልኩም።"

ሌሎቹ ሁለቱ ቀማሾችም በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቦርጊልድ ራሷ ቀምሳዋለች፤ አንድ ነበር። ምላሰ ደንቆሮዎች እያለች ስትሰድባቸው የኖረቻቸው ሰዎች ዛሬ አልተሳሳቱም።

ኢንግቫልድ ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ። "እርሾው የኢንግቫልድ ነው በያቸው እንጂ! እመሰክርልሻለሁ።"

"ከዚያ ያንቺን አምጪ ሲሉኝስ? ምን ልስጣቸው?"

"ተቃውሞ ካለዎት እንመዘግባለን" አለች ቀማሿ።

ቦርጊልድ የመንደሩን ሰዎች አየች። ሁሉም እሷን ነው የሚያዩት።

"የለኝም። አንድ ነው፤ ጻፉት።"

ሴትዮዋ ጻፈች። ኦድኒ ብርጭቆዋን ሳትጨርስ አስቀምጣ ወጣች፤ እርሾአቸውን ያስጣለቻቸው የግሪምዳል ሰዎችም አንድ በአንድ ኦድኒን ተከተሏት።