አመድማው ቀሚስ

ቆቦ ላይ ለሙሽራ ልብስ የሚገዛ ሰው ከዋጋው በፊት የሚጠይቀው ነገር አለ። «ዘንድሮ ሌላ ሙሽራ ለብሳዋለች?» ይላል። ጥሎሽ የሚፈታው ሽማግሌ ፊት ነው። ሴቶቹ ቀሚሱን ከነሻሹ ብድግ አድርገው ለታዳሚ ያሳያሉ፤ ያኔ አንዷ ምላሰኛ «ይችንስ እነ እከሌ ቤት አይተናታል» ካለች ጉድ ፈላ። የሙሽራዋ ወገን ተናቅሁ ብሎ ይነሳል። ስለዚህ ባለሱቁ ጨርቅ ብቻ ሳይሆን ቃልም ይሸጣል ማለት ነው፤ በዚህ ደግሞ ዚነትን የሚያህል አልነበረም። እሷ «የማንም አይደለም» ካለች ገዢው ጨርቁን አገላብጦ እንኳ ሳያይ ያስጠቀልላል።

ዚነት ይህን ቃል የምትሰጠው በሰው ቃል ተማምና ነበር። ወልድያ ላይ መጋዘን ያለው ጋሽ እንዳለው የሚባል ጅምላ ሻጭ አለ። በየዓመቱ ማሽላው ማሸት ሲጀምር ዚነት ሚኒባስ ይዛ ትሄድና የመጪው ሠርግ ቀለም ምን እንደሚሆን ትነግረዋለች። ከየት እንደምታመጣው እሷም አታውቀው፤ ገበያ ቆማ የቆላውን ልጃገረዶች ዓይን ስታይ ይገባታል። እንዳለው ራሱ ቀይና ብርቱካንማ የማይለይ ሰው ነው። እሷ የመረጠችውን ቀለም መርካቶ እያንዳንዱን ቀሚስ በየራሱ ጥልፍ አሰፍቶ ያመጣል፤ በምትኩ ሮቢትን ጨምሮ ከጎብዬ እስከ ዋጃ ባሉት ገበያዎች ከእሷ በቀር ለማንም ላይሸጥ ተስማምተዋል። ውል አልተጻፈም። ማን ይጽፋል? ስንት ዓመት እንጀራ አብረው የበሉ ሰዎች ናቸው።

በዚያ ዓመት ጥር ሙላው የተባለ ገበሬ ለልጁ ሙሽራ ዚነት ለዓመቱ ከመረጠችው ወይን ጠጅ ቀሚስ አንዱን ከሱቋ ወሰደ። ጥሎሹ ሲፈታ የልጅቱ አክስት ጨርቁን በሁለት ጣት አንጠልጥላ፣ «ይኼኮ ባለፈው ሳምንት ሮቢት የተዳረችው ልጅ የለበሰችው ነው» አለች። ሽማግሌዎቹ ለምነው ሠርጉ ባይፈርስም፣ ሙላው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆሞ ይቅርታ ሲጠይቅ ዋለ። በማግስቱ ጥቅሉን ይዞ ዚነት ሱቅ መጣና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው።

«ብሬን መልሽ አልልሽም» አለ። «አንቺን አምኜ ነው የተዋረድኩት። ይኼንን ብቻ እወቂልኝ።»

ሙላው ከዚያ ወዲህ በሱቋ በር ሲያልፍ ሰላምታ አይሰጥም።

ዚነት ሮቢት ሄዳ ነገሩን አየችው። አባቷ ከማይጨው መጥተው እዚያው የከተሙ ትብለጽ የምትባል ወጣት አዲስ ሱቅ ከፍታለች፤ ያው ወይን ጠጅ ቀሚስ ከነጥልፉ በሩ ላይ ተሰቅሏል። ዚነት ከልጅቱ ጋር አልተነጋገረችም። ንዴቷን እንደያዘች ወልድያ ገባች።

«ጋሼ፣ ቃልዎትስ የት ገባ?»

«ምነው ዚነትዬ፣ ቁጭ በይ እንጂ! ሻይ አምጡላት!» እንዳለው የተቆጣ ሰው አይቶ የማያውቅ ይመስል ሳቀ። «ልጅቷ መጥታ ብትለምነኝ ጊዜ ልጨክንባት ነው? ለሁላችሁም የሚበቃ ገበያ ነው።»

«ሙላው በኔ ምክንያት ተዋረደ እኮ!»

«ለሠርግ ቤት ወሬ ብለሽ ነው እንዲህ የምትሆኚው? ይረሱታል። ይልቅ ለከርሞ ልጆቹ ምን ይወዱ ይሆን?»

ያን ጊዜ ተነስታ ብትወጣ ኖሮ ነገሩ እዚያው በቀረ። ዚነት ግን ሻዩን ፉት አለች። ይኼ ሰውዬ ስሟን አፈር ድሜ አስግጦ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ደግሞ ዓይኗን ሊበደር ይጠይቃታል!

«አመድማ» አለች። «ብርማ ጠርዝ ያለው አመድማ። የከተማ ሙሽራ ሁሉ እሱን ነው የምትለብሰው።»

እንዳለው ጥያቄም አልጨመረ፤ እዚያው ስልክ አንስቶ መርካቶ ደወለ። ዚነት እስከ ቆቦ በሚኒባሱ መስኮት እያየች ብቻዋን ስትስቅ መጣች። አመድማ ቀሚስ የእንዳለውን መጋዘን ሞልቶ፣ አይጥ ሲበላበት ታያት። ለራሷ ደሴ ድረስ ሄዳ ከሌላ ነጋዴ ቅጠልያ ገዛች።

በዓመቱ ጥር መጣ። ቅጠልያው ሄደላት፤ ያኮረፏትም ቀስ በቀስ መመለስ ጀመሩ። አመድማውን ቆላው በሙሉ ተጸየፈው። «ልጄ አመድ ነስንሳ ትዳር?» እያሉ እናቶች ሲሳለቁ ዚነት ትሰማለች፣ ደስም ይላታል። የእንዳለውን ፊት ለማየት ወልድያ ልትሄድ እያሰበች ሳለ ትብለጽ መጥታ የዚነት ሱቅ በር ላይ ቆመች።

ከስታለች። ነጠላዋን እያስተካከለች ገባችና በትሕትና እጅ ነሳች።

«እትዬ ዚነት፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሳላስፈቅድሽ ነው የመጣሁት። ምክር ፈልጌ ነው።»

«የምን ምክር?»

«አመድማውን ምን ብዬ ልሽጠው? የሚነካው ሰው ጠፋ።»

«አንቺ ጋር ነው እንዴ ያለው?»

«ሁሉም እኔ ጋር ነው። ጋሽ እንዳለው ‹የቆቦዋ ዚነት የመረጠችው ነው፤ ዘንድሮ እሷ ሌላ ይዛለች፣ ሙሉውን አንቺ ውሰጂ› ሲለኝ ዓይኔን ጨፍኜ አነሳሁት። የእናቴን የአንገት ወርቅ ሸጬ ነው እትዬ። ያንቺን ስም ሲጠራልኝ ምን ብዬ ልጠርጥር?»

ዚነት ባንኮኒውን ያዘች። እንዳለው ጅምላ ሻጭ ነውና እቃ እሱ ጋር ሰንብቶ አያውቅም፤ የሚሰነብተው እንደነሱ ያለ ሱቅ ውስጥ ነው። ይህን እያወቀች እንዴት ረሳችው? እንዳለው ወልድያ ላይ ሻዩን እየጠጣ ነው፤ መርዙን የጠጣችው ይችው የሰው ልጅ ናት። ልትነግራት አፏን ከፈተች። አውቄ ነው፣ ለሱ ብዬ ነው ልትል ነበር። ግን ወዲያው የሮቢት ገበያ፣ የጎብዬ ገበያ፣ እናቶቹ፣ ሙላው ታዩዋት፤ ሰው የዋሸችውን ሲሰማ እንደገና ማን ሱቋ ይመጣል? ፈራች። በመፍራቷም ራሷን ጠላች።

«ተሳስቼ ነው» አለች፤ ድምጿ የሷ አልመስል አላት። «ሰው አይሳሳትም?»

የትብለጽ ዓይን እንባ አቀረረ፤ ግን ለዚነት ነበር ያዘነችው። ባንኮኒውን ተሻግራ እጇን ያዘቻት።

«ውይ እትዬ፣ አንቺም ተጎድተሽ ነው ለካ! አይዞሽ፣ አትዘኚ። ለጎረቤት በቅናሽም ቢሆን እሞክረዋለሁ። የከርሞውንም አንቺ የምትነግሪኝን ነው የማነሳው፣ ሌላ ሰው አልሰማም።»

ዚነት እጇን ልታስለቅቅ ሞከረች፣ ትብለጽ ግን አጥብቃ ይዛታለች።