ባልዲ ውስጥ የቀረው መላጊያ

ኪዳነ ምሕረት ምስክሬ ናት፤ እዚህ ከምነግራችሁ ነገር ላይ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። ከጨመርኩ ምላሴ ይታሰር።

«ስንት ነበሩ አልክ?» አለኝ ጎረቤቴ ከበበ፣ የለቅሶውን ንፍሮ እየቃመ።

«አምስት። አምስቱም ጎረምሶች።»

«ትናንት ሁለት ነበሩ እኮ።»

«ትናንት ሐዘኑ ትኩስ ስለነበር ቀንሼላችሁ ነው።»

ድንኳኑ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። ፍራሹ ላይ ከእናቷ ጎን የተቀመጠችው አይናለም እንኳ ከንፈሯ ሸሸት አለ። አባቷ ጋሽ ፀሐዬ ካረፉ ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ ፈገግ ስትል ሳይ ደግሞ ዝም የምልበት ምክንያት አልታየኝም።

ጋሽ ፀሐዬ ከመዝገብ ቤት ሥራቸው በጡረታ ከወጡ ወዲህ፣ ከጓሯቸው ባለችው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዝገት ያነሡ ነበር። አናጢዎች የኤሌክትሪኩ ሲመጣ የጣሉትን የእጅ መላጊያ ከቆራሌው ይገዛሉ። ሰው አይቶ የሚጸየፈውን! አቼቶ በሞላ ባልዲ ይዘፈዝፉታል፤ በማግስቱ በሽቦ ብሩሽ ይፈትጉታል፤ እንጨቱን የሚነካውን ሆዱን መስታወት ላይ በተነጠፈ ብርጭቆ ወረቀት ልክክ እስኪል ያሹታል። በመጨረሻ ስለቱን ስለው የክንዳቸውን ጸጉር ይላጩበታል። በየካ፣ ምን በየካ፣ ከዚህ እስከ ካይሮ እንደሳቸው የሚስል አልነበረም። ዝግባ ላይ ሲገፉት የሚወጣው ፍቅፋቂ ከመሳሳቱ የተነሣ በእሱ ውስጥ ጋዜጣ አንብቤአለሁ። እሺ፣ ርዕሱን።

ያደሱትን አይሸጡም። ለሰው ይሰጣሉ። እኔ አጠገባቸው ዱካ ላይ ተቀምጬ ስቀደድ አንድም ቀን «ውሸትህን ነው» ብለውኝ አያውቁም። ብሩሹን አቁመው «ከዚያስ?» ይላሉ። አንድ ጊዜ እንጦጦ ላይ ጅብ በጥፊ መታሁ ስላቸው፣ «በየትኛው እጅህ?» ብለው ቀኙን አገላብጠው አዩልኝ።

የመጨረሻው መላጊያ የአይናለም ነበር። ልጅቷ መገናኛ አካባቢ የእንጨት ሥራ ቤት ገብታ ሙያውን እየተማረች ነው፤ «የራስሽ መሣሪያ ይኑርሽ» ብለው እሁድ ከሰዓት ባልዲው ውስጥ ከተቱላት። ሰኞ ጠዋት ከእንቅልፋቸው አልነቁም።

የእድሩ ንብረት ኃላፊ እኔ ነኝ። ድንኳን እንዲተከል ግቢው መጽዳት ነበረበት፤ ቆራሌው ሲያልፍ ጠርቼ «የዛገውን ሁሉ አንሣ» አልኩት። ማታ ላይ አይናለም መጥታ፣ «ጋሽ ልደቱ፣ የአባዬ ባልዲ የታለ?» ስትለኝ ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ። ቆርቆሮ ቤቱን አየሁ፤ የለም። ጓሮውን አየሁ፤ የለም። ቆራሌው ነው የወሰደው አልኩ በልቤ።

«እኔ እያለሁ ምን ያስጨንቅሻል!» አልኳት።

«እና እንዴት አገኘኸው?» አለ ከበበ።

«በእግሬ! ከዚህ እስከ እንጦጦ ማርያም ዳገቱን ሮጬ፣ የለም ሲሉኝ ቁልቁል መገናኛ ወረድኩ። ታክሲውን ቀድሜዋለሁ። ብረት የሚከምሩበት ግቢ ስገባ አምስቱ ከበቡኝ። አንዱን በክርን፣ አንዱን በቴስታ...»

«አንተ ቴስታ? ደረጃ ስትወጣ የምታርፈው ሰውዬ?»

«ሐዘን ጉልበት ይሰጣል ከበበ! ሦስቱ ሸሹ። ከብረቱ ክምር ሥር ቆፍሬ አወጣሁት፤ አድሬም አጸዳሁት።»

ይህን ብዬ ከፌስታል አውጥቼ አይናለም ጭን ላይ አስቀመጥኩት። በሁለት እጇ ያዘችው። አንገቷን ደፍታ ማልቀስ ጀመረች። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እንዴት ያምር ነበር።

«ልደቱ» አሉ የአይናለም እናት እትዬ ሸዋረጋ። ከቀብሩ ወዲህ ድምፃቸውን መስማቴ ነበር።

«አቤት እትዬ።»

«ይሄ ያንተ ነው። ፀሐዬ እጀታውን ከወይራ ጠርቦ ሲሠራልህ አጠገቡ ነበርኩ፤ አሥራ አንድ ዓመቱ። ሳሎንህ አስቀምጠኸው ትኖር የለ?» ድምፃቸውን አላነሡም። «መገናኛም አልሄድክም። ሰኞ ማታም ትናንትም ከዚህ ድንኳን ንቅንቅ አላልክም። ቆራሌውም ባልዲ አልወሰደም። ባልዲው አልጋዬ ሥር ነው።»

የሳቀ የለም። ከበበ እንኳ ንፍሮውን አስቀመጠ።

«እማዬ?» አለች አይናለም።

«ሰው ሲተራመስ እንዳይደፋብኝ ብዬ እኔ ነኝ ያስገባሁት። አባትሽ መጨረሻ እጁን የነከረበት ነው እኮ። ብነግራችሁ ታወጡታላችሁ ብዬ...»

አቼቶ አንድ ቀን ከአንድ ሌሊት ዝገቱን ይበላል። ከዚያ በኋላ ወደ ብረቱ ይዞራል። ከእሁድ እስከ ዛሬ ረቡዕ ደግሞ ሦስት ሌሊት ነው። በሕይወቴ የምጨምረው ያጣሁት ያን ቀን ነው።

«እትዬ፣ ዛሬ መውጣት አለበት። ደግሞ ካደረ ብረቱን ይጨርሰዋል።»

ፊቴን አዩት። «ይሄስ እውነት ነው?»

«እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ።»

ተነሡ። እኔና አይናለም ተከትለናቸው ወደ መኝታ ቤቱ ገባን። ባልዲውን ከአልጋው ሥር ራሳቸው ጎትተው አወጡት፤ አቼቶው ቡና መስሏል። አይናለም ልታወጣው ጎንበስ ስትል በክንዳቸው ገታ አደረጓት። የጥቁር ቀሚሳቸውን እጅጌ ሰበሰቡ። እጃቸውን እስከ አንጓቸው ከተቱ፤ መላጊያውን ሲያገኙትም ቶሎ አላወጡትም።