ትቆይ ያልኳት ልጅ

ተማሪዎቹ «ሚዛን» ይሉኛል። ፊት ለፊት አይሉኝም፤ ኮሪደር ላይ «ሚዛን መጣች» ሲባባሉ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሰምቻለሁ። የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። ስሙ ከቤተ ሙከራው ሚዛን ይምጣ ከጠባዬ፣ ጠይቄ አላውቅም።

ከመደበኛው ትምህርት ሌላ አንድ ሥራ አለኝ። በየዓመቱ ሃያ አራት የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ከሰዓት በኋላ ይሰጡኛል። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ገና ከሦስት ዓመት በላይ ይቀራቸዋል፤ እዚያ ሲደርሱ የሚያስፈልጋቸውን ከአሁኑ አስለምዳቸዋለሁ። ማስታወሻ መያዝ፣ ያዩትንና የገመቱትን ለይቶ መጻፍ፣ ያልገባቸውን አልገባኝም ማለት። መንፈቅ ዓመቱ ሲያልቅ አሥራ ሁለቱ ብቻ ይቀጥላሉ፤ ዩኒቨርሲቲው ቅዳሜ ቅዳሜ በራሱ ቤተ ሙከራ ያስተምራቸዋል። ወንበሩ አሥራ ሁለት ነው። አሥራ ሦስተኛ ይጨመርልኝ ብዬ በየዓመቱ እጠይቃለሁ፤ በየዓመቱም የለም እባላለሁ።

የምመርጠው በካርድ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ካርድ አለ፤ በየሳምንቱ ያየሁትን እጽፍበትና ስወስን ከግርጌው አንድ ቃል አሰፍራለሁ። ከእኔ ጋር የሚቀጥለውን «ይቆይ»፣ የማሰናብተውን «ይሂድ» እላለሁ። ካርዱን ከእኔ በቀር የሚያነበው አልነበረም። ዝርዝሩን ራሴ አዘጋጅቼ፣ ዩኒቨርሲቲው ድረስም ራሴ ነበር የምወስደው።

ዘንድሮ ግን ደከመኝ። ጉልበቴ ደረጃ አልወድም ብሏል። ባለቤቴ «ይሄ ነገር የመጨረሻሽ ይሁን» ሲለኝ ሳልከራከር እሺ አልኩት። ሰኞ ጠዋት ሃያ አራቱን ካርዶች በላስቲክ አስሬ ለአዲሷ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ሰጠኋትና ከታች ያለውን ቃል እያየች ዝርዝሩን አውጥታ እንድትልከው ነገርኳት። ሌላ ማብራሪያ አልሰጠሁም። ወደ ክፍሌ ስመለስ ቀለል ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ረቡዕ በዕረፍት ሰዓት ማስታወቂያ ሰሌዳው ጋ ግርግር ነበር። መጀመሪያ ያየሁት ጓደኞቹ ትከሻቸው ላይ የተሸከሙትን «ፈጣኑን» ነው።

ፈጣኑ ይህን ስም ያገኘው በመጀመሪያው ወር ነው። በየልጁ ፊት አንድ ብርጭቆ ውኃና አንድ ቁራጭ በረዶ አስቀምጬ፣ ለሃያ ደቂቃ የሚያዩትን ሁሉ እንዲጽፉ አዘዝኩ። ፈጣኑ በአራተኛው ደቂቃ ወረቀቱን አስረከበ። «በረዶው ሟሟ» ይላል። በረዶው ብርጭቆው ውስጥ እየተንሳፈፈ ነው። ምነው ስለው፣ «አይቀርለትም ብዬ ነው፣ ቲቸር» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቄን መዋጥ ነበረብኝ። ካርዱ ላይ ግን «ይሂድ» ጻፍኩ።

በዚያው ቀን፣ ጥያቄ ስለምታበዛ ጓደኞቿ «ለምን» የሚሏት ልጅ ሠላሳ አንድ መስመር ጽፋ ነበር። አሥራ ዘጠነኛው፣ «ብርጭቆው በውጭ በኩል ረጥቧል። ከውስጥ ግን አልፈሰሰም። ከየት መጣ?» ይላል። የእሷ ካርድ ላይ «ትቆይ» ጽፌ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። የማስመር ልማድ የለኝም።

ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከመረጥኳቸው አንድም ልጅ የለበትም።

ጸሐፊዋ ጋ ስሄድ ካርዶቹን በሁለት ክምር ለይታ፣ በጥንቃቄ በወረቀት ጠቅልላ አስቀምጣቸዋለች። ሥራዋን የምታከብር ልጅ ናት። «ይኸው፣ ቲቸር» አለችና አንዱን አወጣች። «ይሂድ ያሉት ወደ ዩኒቨርሲቲው ይሂድ። ትቆይ ያሏት ለሚቀጥለው ዓመት ትቆይ። በአንዱም አልተሳሳትኩም።»

እውነቷን ነው፤ በአንዱም አልተሳሳተችም።

ዳይሬክተሩ ድሮ ተማሪዬ ስለነበረ ሲከፋውም አንቱ ነው የሚለኝ። ዝርዝሩ በማኅተም ተልኳል አለኝ፤ ዩኒቨርሲቲው ማስተካከያ የሚቀበለው እስከ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገና እንዲህ አለኝ።

«ደስ ብሏቸው ቤት የሄዱትን ልጆች ጠርተው፣ ያገኛችሁትን መልሱ ሊሏቸው ነው? ይተዉት፣ ቲቸር። እርስዎ የመረጧቸው ጎበዞች ናቸው። ገና ዘጠነኛ ክፍል አይደሉ፤ ጊዜ አላቸው።»

ሐሳቡን ወደድኩት፤ አልደብቅም። ምንም ባላደርግ ምንም አይጠበቅብኝም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቢከር የሚባሉትን የቤተ ሙከራ ብርጭቆዎች እያጠብኩ «ለምን» በሩ ላይ ቆመች። አላለቀሰችም። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ቲቸር፣ እስከ መቼ ነው የምቆየው?»

ጸሐፊዋን ጠይቃ፣ «መምህርቷ ትቆይ ብለዋል» ተብላለች። እሷ የምትፈልገው ቀኑን ነው። አባቷ ስሟ ከወጣ ከሰዓት በኋላዋን ለትምህርቷ ሊተውላት፣ ካልወጣ ግን ከሰኞ ጀምሮ በአክስቷ ልብስ ስፌት ቤት እንድትውል ወስኗል። አክስቷም ከስፌት መኪናው አጠገብ ቦታ ጠርጋላታለች።

«አክስቴ ክፉ አይደለችም» አለች። «ግን እዚያ ከገባሁ አልወጣም። የአጎቴ ልጅም ለአንድ ወር ብላ ነው የገባችው።»

«መቼ?»

«እኔ ሁለተኛ ክፍል እያለሁ።»

እጄን አደራርቄ የሆነውን ነገርኳት። ቃሉን ምን ማለቴ እንደነበር፣ እንዴት እንደተነበበ። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ከዚያ አሰበችና፣ «ታዲያ ለምን ትቀጥል አላሉም?» አለችኝ።

«ሌላ የሚያነበው ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።»

ራሷን ነቀነቀች፤ መልሱ እንዳልበቃት ፊቷ ላይ ይታያል። ለእኔም አልበቃኝም።

ከእራት በፊት ከጸሐፊዋ ያመጣኋቸውን አሥራ ሁለቱን የ«ይሂድ» ካርዶች ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አነበብኳቸው። የመረጥኳቸው ልጆች ካርዶች ጀርባቸው ሳይቀር ተጽፎባቸዋል፤ እነዚህ ግን ባዶ ናቸው ማለት ይቻላል። የፈጣኑ ካርድ ላይ ያለው ሁለት መስመር ነው። አንደኛው «ቸኩሏል»፣ ሁለተኛው «አሁንም»። ከዚያ በኋላ አራት ወር አላየሁትም። ክፍል ውስጥ ነበር፤ እኔ ነኝ ያላየሁት። በረዶው ሳይሟሟ ሟሟ ብዬ ጽፌለት ኖሯል።

ያም ሆኖ የ«ለምን» ወንበር የእሷ ነው። ይህን የሚያስለውጠኝ ነገር ካርዶቹ ላይ አላገኘሁም።

ሐሙስ ጠዋት ዳይሬክተሩ ተንፍሶ የዝርዝሩን ማስተካከያ ደብዳቤ ፈረመ። ደብዳቤውን ከማድረሴ በፊት ዝርዝሩ ላይ የወጡትን አሥራ ሁለቱን ቤተ ሙከራ ሰብስቤ፣ ስህተቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው። ንግግር አላበዛሁም። አንዲት ልጅ ጠረጴዛው ላይ ግንባሯን ደፋች። ሌሎቹ ፈጣኑን ያዩታል፤ እሱ አንድ ነገር ይላል ብለው።

ፈጣኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመናገር ጊዜ ወሰደ።

«እናቴ ሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ናት» አለ። «ትናንት ፎቅ ለፎቅ እየዞረች ነው የነገረችው። አሁን ዞራ ልትመልሰው ነው?»

«ቅዳሜ ሦስት ሰዓት እዚሁ ኑ» አልኩ። «እዚያ የሚማሩትን እዚህ እናንተ ትማራላችሁ።»

«ማን ነው የሚያስተምረን?»

«እኔ።»

«ዕቃው አለ?»

«ግማሹ አለ።»

«ግማሹስ?»

«የሌለውን የለም ብለን እንጽፋለን።»

ማንም አልሳቀም። ቀልድም አልነበረም።

የዩኒቨርሲቲው አስተባባሪ ቢሮ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ላይ «አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። በየፎቁ እያረፍኩ ወጣሁ። አስተባባሪው ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ደብዳቤውን ተቀበለ፣ ቁጥር ሰጠው፣ አሥራ ሦስተኛ ወንበር እንደሌለም ሳልጠይቀው ነገረኝ።

ዓርብ የ«ለምን» አባት ትምህርት ቤት መጣ። የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ነው። በአዲሱ ዝርዝር ላይ ጣቱን አንድ በአንድ እያወረደ የልጁ ስም ላይ ሲደርስ አቆመ። ምስጋናም ወቀሳም አልነበረውም፤ የጠየቀኝ ቅዳሜ ስንት ሰዓት እንደምትወጣ ብቻ ነው። ስድስት ሰዓት አልኩት። «እኔው እወስዳታለሁ» ብሎ ሄደ።

ባለቤቴ የቅዳሜውን ነገር ሲሰማ፣ የመጨረሻሽ ይሁን አላልኩሽም ወይ አለኝ። ብለሃል አልኩት። የጉልበቴን ቅባት ከመሳቢያ አውጥቶ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተው።

ቅዳሜ ከአሥራ ሁለቱ ሰባቱ መጡ። ያች ግንባሯን የደፋችው ልጅ የለችም። አዳዲስ ካርዶች አዘጋጅቼ ነበር፤ ከግርጌያቸው የአንድ ቃል ቦታ የለም፣ ሦስት መስመር አስምሬያለሁ። ብርጭቆዎቹን ደረደርኩ፤ በረዶውን እያንዳንዳቸው ውስጥ ጣልኩ።

ፈጣኑ ሩብ ሰዓት አርፍዶ ገባ። ይቅርታም አላለ፤ ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጠና ብርጭቆውን ወደ ራሱ ሳበ። እስክሪብቶውን አላነሳም። ትንሽ ቆይቶ ጎንበስ ብሎ በጎን አየው።

«ቲቸር፣ ይሄ እስኪሟሟ ልንቆይ ነው?»

«እስኪሟሟ» አልኩት። እኔም ወንበር ስቤ ከፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።