የሰባተኛው ዙር ቀኝ

«ግጥሚያውን ሸጦታል ስልህ! ሰውየውን በአንዲት የቀኝ ቡጢ መሬት ላይ ዘርሮት፣ ከዚያ በኋላ ያንኑ እጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ ጨዋታውን ጨረሰ። ይሄ ምን ይባላል ታዲያ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት።

አጠገቡ የተቀመጠው ሰው በክርኑ ጎሸም አደረገው። ዘግይቶ ዞር አለ። የሟቹ ልጅ የሻይ ብርጭቆ የሞላ ትሪ ይዛ ከጀርባው ቆማለች።

«እ... ነፍሱን ይማረው ነው የምለው፣ እህቴ» አለ።

«ስኳሩ ታች ነው፤ አማስለው» አለችና ብርጭቆውን አቀበለችው።

የከተማ አውቶቡስ ስትነዳ የኖረች ሴት ናት፤ በሥራ መውጫ ሰዓት የሚወርድባትን ስድብ የለመደ ጆሮ አላት። ይህኛው ግን ስድብ ብቻ አልነበረም። ከልጅነቷ ጀምሮ ራሷን ስትጠይቅ የኖረችው ጥያቄ ነው። አባቴ ያን ግጥሚያ ሸጦት ይሆን? መልሱን ከአፉ ሳትሰማ ቀበረችው፤ አሁን ደግሞ ማን ይነግራታል?

ሳሎኑ ጢም ብሏል። ሶፋው ወደ ግድግዳ ተገፍቶ ከጎረቤት የተዋሱት አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። ፎቶው ላይ ሟቹ የከባድ ሚዛን ቀበቶውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ አንድ ዓይኑ አብጦ፣ በሌላኛው ይስቃል። በወጣትነቱ ጭነት አውራጅ ስለነበር፣ እሱ ራሱም የሚያወርደውን ጭነት ስለሚያህል፣ «ካሚዮን» ነበር የሚሉት። ወደ መድረክ ሲወጣ አዳራሹ «ካሚዮን መጣ፣ መንገድ ልቀቁ!» እያለ ይናወጣል። ለለቅሶ ከመጣው ወንድ ግማሹ አንድ ቀን ከካሚዮን ጋር እንደተቧቀሰ ይምላል። ያ ሁሉ እውነት ቢሆን ኖሮ ሰውየው ምሳ የሚበላበት ጊዜ ባልኖረው ነበር።

ባዶውን ትሪ ይዛ ማድቤት ገባች። እናቷ እጅጌዋን ሰብስባ ብርጭቆ ታጥባለች። ከካሚዮን ከተፋታች ዘመን አልፏል፤ ከቤተሰቡ ጋር ሳሎን ተቀመጪ ቢሏት «እኔ እንግዳ ነኝ» ብላ እምቢ አለች። እንግዳ ማድቤት ገብቶ ብርጭቆ እንደማያጥብ ሊነግራት የደፈረ ግን የለም።

«ምን አሉ ደግሞ?» አለች ዞር ሳትል። የልጇን ሆድ ከእርምጃዋ ታውቃለች።

«ያው ነው እማዬ። ሸጦታል ነው የሚሉት።»

«ሸጦት ከሆነ እኔ ሳንቲሙን አላየሁም። ምድጃዬን እንኳ አልቀየረልኝም» አለች እናት። ይህን ቀልድ ስታወጣው ኖራለች፤ አንድም ቀን ግን ስቃበት አታውቅም።

ከካሚዮን ጋር መኖር ቀላል አልነበረም። ሲያሸንፍ ሰፈሩን ሁሉ ይጋብዝና የራሱን ቤት ይረሳል። ለቀናት ይጠፋል። ሲመለስ የሌላ ሴት ሽቶ ሸትቶ፣ ለልጁ ደግሞ ከእሷ ቁመት የሚበልጥ አሻንጉሊት ታቅፎ ነው። እናት የአፏን ትሰጠዋለች። ያን ሁሉ ወጠምሻ ያስተኛው ሰው አንገቱን ደፍቶ በር ላይ ይቆማል። እጁን አንስቶባት ግን አያውቅም። «ይሄ የሥራ ዕቃ ነው» ይል ነበር ጭብጡን እያየ፣ «እቤት ገብቶ አይሠራም።»

ከዚያ የመጨረሻው ግጥሚያ መጣ፤ ቀበቶውን ተነጠቀ። በማግስቱ ልጅቱ ከትምህርት ቤት እያለቀሰች ገባች። «አባትሽ ስንት ሸጠው?» እያሉ እስከ ደጃፏ ተከትለዋታል። አባቷ ፊቱ እንዳበጠ፣ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«አባዬ፣ ሸጠኸው እንዴ?»

«አንቺ ምን ይመስልሻል?»

ልጅቱ ዝም አለች። አባቷን የምትወድ ልጅ «አልሸጥከውም» ለማለት ትንፋሽ አይፈጅባትም ነበር፤ ግን ዝም አለች። ይህ ዝምታ እስከ ዛሬ ድረስ ይቆጠቁጣታል። ካሚዮን ትንሽ አያትና ተነሥቶ ወጣ። ሲመለስ መጠጥ መጠጥ ይሸታል። በቀጥታ ወደ ቁምሳጥኑ ሄደና በቀኙ እየደጋገመ መታው፤ ሳንቃው ለሁለት ተከፈለ። ሐኪሙ የእጁ አጥንት እንደደቀቀ ተናገረ። እናት በዚያው ሳምንት ልጇንና ልብሷን ይዛ ወጣች። «ዛሬ ቁምሳጥን የሰበረ ነገ እኔን ይሰብራል» አለች። ያ እጅ ከዚያ ወዲህ ተጨብጦ አያውቅም።

ካሚዮን መጠጡ ውስጥ ሰጠመ። ሰው ሁሉ አለቀለት ብሎ እጁን አጠበ። እሱ ግን አንድ ቀን ማንም ሳይመክረው ብርጭቆውን ገልብጦ አስቀመጠና እንጨት መሸጫ ገብቶ ሳንቃ መሸከም ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ አንዲት ጠብታ አልቀመሰም። ልጁ የአውቶቡስ መሪ ስትጨብጥ ደግሞ የዕረፍት ቀኑን በሙሉ እሷ ዘንድ ያሳልፍ ጀመር። ትኬቱን ቆርጦ ከኋላዋ ይቀመጥና ከመነሻ እስከ መድረሻ፣ ከመድረሻ እስከ መነሻ አብሯት ይመላለሳል። አዲስ ተሳፋሪ በገባ ቁጥር «ሹፌሯ ልጄ ናት» ይላል። «አባዬ፣ ሰው ይስቃል» ስትለው፣ «ይሳቅ! የኔ ልጅ ከኔ የከበደ ካሚዮን ትነዳለች» ይላል። አውቶቡሱ ባዶ ሲሆን ጥያቄው ስንት ጊዜ ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። እሱ መቼም ደስ ብሎት ነው የተቀመጠው፤ እንዴት ብላ ትጠይቀው?

ከሰዓት በኋላ አንድ ማንም የማያውቃቸው ሽማግሌ ገቡ። ቀጭን ናቸው፤ ኮታቸው ያረጀ ቢሆንም ተተኩሷል። ፎቶው ፊት ቆመው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ለሰዉ እጅ ነሥተው ተቀመጡ።

የሰው ዘር ሳያጣራ እንቅልፍ የማይወስደው ፀጉር አስተካካይ «አባባ፣ ከካሚዮን ጋር በምን ትተዋወቃላችሁ?» አለ።

«በመጨረሻው ግጥሚያ። እኔ ያሸነፈው ልጅ ረዳት ነበርኩ።»

የባላጋራው ሰው ለቅሶ ሊደርስ መጣ ማለት ነው። ልጅቱ ትሪዋን አንዱ እንግዳ ጭን ላይ አስቀመጠች። ዛሬ ካልጠየቀች ዕድሜዋን ሙሉ እንደማትጠይቅ አውቃዋለች።

«አባባ» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «እርስዎ ከወዲያ ወገን ስለነበሩ ያውቁታል። አባቴ ግጥሚያውን ሸጦታል?»

ሽማግሌው እንደ መደንገጥ አሉ። «ማነው እንዲህ የሚለው?»

ፀጉር አስተካካዩ የጫማውን ማሰሪያ ያጠብቅ ጀመር።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «ቡጢኛ ጓንት ከማጥለቁ በፊት እጁ በፋሻ ይጠመጠማል። ሲጠመጠም ከተጋጣሚው ወገን አንድ ሰው ቆሞ ያያል፤ ውስጡ ብረት እንዳይደብቁ። አይቶ ፋሻው ላይ ይፈርማል። ያን ቀን የቆምኩት እኔ ነኝ። አባትሽ ቀኝ እጁን ሲዘረጋ ጣቶቹ እንደ ዳቦ አብጠው፣ በልዘው አየኋቸው። አሰልጣኙ ፋሻውን ሲያጠብቀው አባትሽ በላብ ተጠመቀ። አንዴ እንኳን እህ አላለም። ከዚያ እኔን ቀና ብሎ አየኝና «ምን ታፈጣለህ? ብረት የለበትም፤ ፈርም» አለኝ።»

አንድ ሰው ከጥግ «ወይ ካሚዮን!» አለ።

«ፈረምኩ። ሄጄም ለምረዳው ቡጢኛ ነገርኩት፤ ሥራዬ ነው። «ቀኙ ሞቷል፤ በዚያ በኩል የሚመጣብህ የለም፣ ዝም ብለህ ግባበት» አልኩት። እሱም በዚያ በኩል መከላከሉን ትቶ ገባበት። ስድስት ዙር በአንድ እጁ የሚዋጋ ሰው ደበደበ። ሰባተኛው ላይ...» ሽማግሌው በጉጉት ወደ ወንበራቸው ጫፍ ተንሸራተቱ። «ሰባተኛው ላይ አባትሽ ያንን የሞተ እጅ ሰነዘረው! በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ቡጢ አላየሁም። የኛው ቡጢኛ በጀርባው ወደቀ። ዳኛው ዘጠኝ ሲል ነው የተነሣው። እኔ የማውቀውን አዳራሹ አያውቅም፤ ሰው በተሰበረ እጁ ሲመታ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ በኋላማ በምን ይድገመው? አጥንቱ ዱቄት ሆኗል። ግን አልወደቀም። እስከ አሥራ ሁለተኛው ዙር፣ እስከ መጨረሻው ደወል፣ ቆሞ! ቀበቶውን እኛ ወሰድን። ያን ቀን ሰውየው ማን እንደነበር የምታውቀው ግን ያቺ የፈረምኩባት ፋሻ ናት።»

«ለምን አልተናገረም ታዲያ?» አለች ልጅቱ።

«እኔም ይሄንኑ አልኩት። ማታውኑ ክፍሉ ሄጄ «እጄ ተሰብሮ ነበር በላቸው» አልኩት። «እንዴት ተሰበረ ይሉኛል» አለ። «በሰባተኛው ዙር ነው በላ» ብለው፣ «እቤት ውሸት አልችልበትም፤ ጣቶቼን ካየች ይገባታል» አለኝ። የምታየው ማን እንደሆነች አልነገረኝም። «እኔ እስክሞት እንዳትናገር» ብሎ ቃል አስገባኝ። ሞቱን ስሰማ መጣሁ።»

ከዚያ ፀጉር አስተካካዩ ብድግ አለ። «እኔ ድሮም ብያለሁ! ይሄ ሰው አይሸጥም ብያለሁ!» አለና፣ እፍረት የሚባል ሳይነካው በሙሉ ድምፁ ጮኸ፦ «ካሚዮን መጣ!»

«መንገድ ልቀቁ!» ብሎ ሳሎኑ መለሰ። ለቅሶ ቤት መሆኑን የረሳ ሳይሆን ያስታወሰ ጩኸት ነበር። ሽማግሎች ወንበር እየደበደቡ ጮኹ፣ ሴቶች እያለቀሱ አጨበጨቡ፣ ከውጭ ያሉት ምን ሆናችሁ እያሉ ግር ብለው ገቡና ሳይነገራቸው አብረው ጮኹ። ልጅቱ የሽማግሌውን አንገት አቅፋ ሳቀች። አባቷ አሸንፎ የመጣ ያህል ደስ አላት። ስትጨነቅበት የኖረችው ነገር በአንድ ጊዜ ከትከሻዋ ወረደ።

ቀና ስትል እናቷን አየቻት። የሳሙና አረፋ ከእጇ እየተንጠባጠበ የማድቤቱ በር ላይ ቆማለች። አትጮህም፤ አታጨበጭብም።

ያኔ ነው ትዝ ያላት። ከግጥሚያው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ አባቷ ለቀናት ጠፍቶ ሲመለስ፣ እናቷ በንዴት የግቢውን የብረት በር ልትዘጋበት ወረወረችው። ልጅቱ ግቢ ውስጥ ነበረች። የአባቷ ቀኝ እጅ መቃኑ ላይ ነበር። ፊቱ አመድ ሲመስል አይታለች። እናቷ ግን ወዲያው ዞራ ወደ ቤት ስለገባች አላየችም። እሱም እጁን ኪሱ ከተተና ለልጁ ጠቀሳት፤ ጨዋታ መስሏት ሳቀች። ቁምሳጥኑንም ቢሆን ስካር አይደለም ያስመታው። ለተሰበረ እጅ ሌላ ምክንያት ፈልጎለት ነው። ሰፈሩ እናቷን «ቀበቶውን ያስነጠቀችው ሚስቱ ናት» እንዳይላት፣ እሷም ዕድሜዋን ሙሉ ራሷን እንዳትረግም፣ ስሙንም ትዳሩንም ከፈለ።

እንግዶቹ እየዘፈኑ ማለት ይቻላል ሄዱ። ሽማግሌውን ፀጉር አስተካካዩ ራሱ ደግፎ ሸኛቸው። ልጅቱ ማድቤት ስትገባ እናቷ ዱካ ላይ ተቀምጣለች።

«ያን ቀን ግቢ ውስጥ ነበርሽ» አለች እናት።

«የቱን ቀን?»

«በሩን የወረወርኩበትን። እጁ በር ላይ ነበር?»

አባቷ ይህቺ ጥያቄ እንዳትነሣ ብሎ ነው እውነቱን ይዞ የተቀበረው። ያን ሁሉ ዘመን የጠበቀው ምስጢር የሱ ድል ነው፤ እሷ ልታበላሽበት አትፈልግም።

«ልምምድ ላይ ነው የተሰበረው እማዬ» አለች። «እንዲያውም ነግሮኝ ነበር።»

እናት ልጇን ትክ ብላ አየቻት።

«አንቺም እንደሱ ነሽ» አለች። «ውሸት አትችይበትም።»

የልጇን ቀኝ እጅ ሳበችና ጭኗ ላይ አኖረችው። ሰፊ፣ አንጓው የጎላ፣ የካሚዮን እጅ ነው። ጣቶቹን አንድ በአንድ እየነካካች አቃናቻቸው። ከዚያ ከዱካው ተነሣች፣ የልጇን አንጓ አጥብቃ ያዘች፣ ዳኛ ለአሸናፊ እንደሚያደርገው ወደ ላይ አነሣችው። ልጇ ረጅም ናትና ቁመቷ አልደርስ ቢላት በእግር ጣቶቿ ቆመች። ክንዷ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ አላወረደችውም።