ዝም ያለችው አዲጋላ

አገሬ ነገሩ አልጣማትም። የቡድናቸው የወር ውጤት ተነቦ ሥራ አስኪያጁ ሲያጨበጭቡ እሷም አብራ አጨበጨበች።

ደሴ ተወልዳ ያደገችው አገሬ ጅግጅጋ የመጣችው አንድ የግል ድርጅት በኮምፒውተር ሙያ ቀጥሯት ነው። ከትንንሽ ከተሞች ክሊኒኮች የሚላከውን የደም ናሙና ትልልቅ ላቦራቶሪዎች ይመረምሩታል፤ ውጤቱ ደግሞ በእነ አገሬ ሲስተም በኩል ባቢሌ፣ ጉናጋዶና አዲጋላ ላሉ ነርሶች ይደርሳል። ይደርሳል ማለት፣ ሲደርስ ነው። ነርሶቹ ለበሽተኛ "ሲስተም የለም" ሲሉ ዓመቱ ተጋመሰ። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ቡድኑን ሰብስበው ቁርጡን ተናገሩ።

"ግባችሁን ራሳችሁ አውጡ። ካላሳካችሁት ሥራው አዲስ አበባ ይሄዳል።"

ቡድኑ ሦስት ሰው ነው፤ አገሬ፣ የጅግጅጋዋ ልጅ ዒፍራህና አለቃቸው ጋሽ የኋላሸት። ሲከራከሩ ውለው ሁለት ግብ አወጡ። ውጤት በአምስት ሰከንድ ይከፈት፤ ሲስተሙ በሥራ ሰዓት አይቋረጥ።

"አዲጋላስ? ኔትወርኩ እንደዚያ ደካማ ሆኖ?" አለች ዒፍራህ።

"እናየዋለን" አሉ ጋሽ የኋላሸት፣ ወረቀታቸውን እየሰበሰቡ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ቁጥሩ አማረ። ባቢሌ ፈጠነ፣ ጉናጋዶም ፈጠነ፤ ለዚህ አገሬ ራሷ ስለደከመች ታውቀዋለች። ያልገባት የአዲጋላ ነገር ነው። የአዲጋላዋ ነርስ ባቱሎ በየማለዳው እየደወለች ስትጮህ የኖረች ሴት ናት። እሷ ድንገት ዝም አለች። ምንም ሳይጠገን ሰው እንዴት መጮህ ያቆማል?

ከዚያ ወዲህ የአገሬ ዓይን ዒፍራህ ላይ አረፈ። ዒፍራህ ስልኳ ሲጠራ ብድግ ብላ ኮሪደር ትወጣለች። የምታወራው በሶማሊኛ ነው። አገሬ ገበያ ላይ ዋጋ ከመጠየቅ ያለፈ ሶማሊኛ የላትም፤ "አዲጋላ" የሚለውን ቃል ለመስማት ግን አስተርጓሚ አያሻትም። አንድ ቀን በሩ ጥግ ቆማ ስታዳምጥ ዒፍራህ ዞር አለችና ተያዩ። ዒፍራህ ስልኩን ዘጋችው።

"ምን ፈልገሽ ነው?"

"ምንም። ውሃ ልጠጣ ብዬ ነው።"

ውሃው ያለው በሌላኛው በኩል ነበር።

በምሳ ሰዓት አገሬ ጉዳዩን ለጋሽ የኋላሸት አነሳችላቸው። ሁልጊዜ አብረው ነው የሚበሉት፤ እንደ አባት ታያቸዋለች።

"ጋሼ፣ ዒፍራህ የሆነ ነገር የምትደብቀን አይመስልዎትም?"

ጋሽ የኋላሸት እንጀራቸውን ጠቀለሉ። "እኔ ምን አውቃለሁ" አሉ፣ ቀና ብለው ሳያዩዋት።

ይህች መልስ ጥርጣሬዋን አባሰችው። ከሰዓት በኋላ የዒፍራህን ጥፋት ለማግኘት የመቆጣጠሪያውን ስክሪን ከፍታ ከተሞቹን አንድ በአንድ አየች። አዲጋላ የለችም። ፍጥነቱ ሲሰላ የኖረው እሷን ሳይጨምር ነው። አገሬ ስልኳን አንስታ ራሷ ባቱሎ ጋ ደወለች።

"ደግሞ አንቺም እንዳትደውዪ ልትዪኝ ነው?" አለች ባቱሎ፣ ድሬዳዋ ተምራ በለመደችው አማርኛ።

"ማነው እንዳትደውዪ ያለሽ?"

"አለቃችሁ ነዋ! አዲጋላ ለጊዜው ከዝርዝሩ ወጥታለች፣ ችግር ካለ በዚህ ደውዪ ብሎ ሌላ ቁጥር ሰጠኝ። የሚያነሳው የለም። ዒፍራህ ውጤቱን በስልክ ባታነብልኝ ምን ይውጠኝ ነበር? ባለፈው የእሷም ስልክ እንቢ ብሎኝ አንዲት ወላድ የደም ዓይነቷን ሳላውቅ ድሬዳዋ ላክኋት። አልሐምዱሊላህ፣ ተርፋለች።"

አገሬ ስልኩን ዘጋች። ቀጥታ ዒፍራህ ጠረጴዛ ጋ ሄደች።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ለማን ልንገር?" ዒፍራህ ድምጿን አልቀነሰችም። "ከእሳቸው ጋር ገበታ የምትቀርቢው አንቺ። ተመካክራችሁ ያወጣችኋት ነው የመሰለኝ።"

"እኔ ደግሞ አንቺን..."

"አውቃለሁ፣ አባዮ። በር ላይ አይቼሻለሁ።" አባዮ እህቴ ማለት ነው፤ ያን ቀን ግን እህትነት አልነበረበትም።

ሁለቱም አብረው ጋሽ የኋላሸት ቢሮ ገቡ። ሰውየው አልካዱም።

"የአዲጋላ መስመር በእኛ እጅ አይጠገንም" አሉ። "በአንዲት ከተማ ምክንያት ሦስታችንም እንጀራችንን እንጣ?"

"እሱ ይቅር። ስለ ዒፍራህ ስጠይቅዎት ለምን እኔ ምን አውቃለሁ አሉኝ?"

ጋሽ የኋላሸት ወረቀታቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ዒፍራህ አገሬን ዞር ብላ አየቻት፤ እሷን ጠርጥራ አለቃቸውን እንደጠየቀች አሁን ነው የገባት።

አገሬና ዒፍራህ አዲጋላን ወደ ዝርዝሩ ሲመልሷት ስክሪኑ ቀላ፣ ያ ያማረ ቁጥርም ወረደ። በቀጣዩ ስብሰባ ሥራ አስኪያጁ ምን ተፈጠረ ሲሉ አገሬ አፏን ሳትከፍት ጋሽ የኋላሸት ተነሱ። "ያወጣኋት እኔ ነኝ" ብለው ተቀመጡ። በሳምንቱ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወሩ።

ግቡ እንደገና ተጻፈ። ከእንግዲህ ቡድኑ የሚለካው በአማካይ ሳይሆን ከሁሉም በዘገየችው ከተማ ነው። ውጤቱ እንደ ፎቶ ስለሚላክ ለደካማ ኔትወርክ ይከብድ ነበር፤ ሁለቱ ሴቶች ወደ ተራ ጽሑፍ ለወጡት። አዲጋላ የአምስት ሰከንዱ ግብ ላይ አልደረሰችም፤ ግን ውጤቱ ይከፈታል። ባቱሎም ዘገየ እያለች እንደ ድሮዋ መጮህ ጀመረች።

ሥራ አስኪያጁ ለውጡን አይተው ጥሩ ነው በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። አገሬ "ታዲያ ሥራው እዚሁ ይቀራል?" ስትላቸው "እናያለን" ብለው ወጡ።

ዒፍራህ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች። "እናያለን ሲሉ አመንሻቸው?"

"አላመንኳቸውም" አለች አገሬ።

"እኔም" አለችና ዒፍራህ ወንበሯን ወደ እሷ ሳብ አደረገች።